ከአዲስ አበባ ወደ ፈንታሌ፦ የእሳተ ገሞራውን በረሃ፣ የአለት ዋሻዎቹንና አዋሽ ፓርክን በቅዳሜና እሁድ ለማየት እንዴት ይታቀዳል?

በድሬዳዋ መንገድ በባስ የተጓዘ ሰው ሁሉ ያንን ጥቁር ድንጋይ ያውቀዋል። የበሰቃ ሐይቅ ብቅ ሲል፣ መተሐራ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ፣ መሬቱ በአንዴ ይጠቁራል። ሣር የለም፣ አፈር የለም፣ የተሰባበረ ድንጋይ ብቻ። ሾፌሩ አይቆምም። ተሳፋሪው በመስኮት አንድ ፎቶ ያነሳና ወሬውን ይቀጥላል። ይሄ ሁሉ ያለው ደግሞ ከመሐል አዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐዋሳ እንኳ ከዚህ ይርቃል።

ውረዱና እዩት ነው የምለው። ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ፈንታሌ ተራራን፣ በዙሪያው ያሉትን ውስጣቸው ባዶ የሆነ የአለት ጉብታዎች፣ ከጎኑ የተዘረጋውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ። ቅዳሜና እሁድ ይበቃል። ግን እንደ ቢሾፍቱ “ተነሱ እንሂድ” ተብሎ በድንገት የሚኬድበት ቦታ አይደለም። እዚያ ፕሮግራም የምታወጣው ፀሐይዋ ናት። የእናንተ ሥራ የእሷን ሰዓት አውቆ መገጣጠም ነው፣ ይሄ ሥራ ደግሞ አብዛኛው የሚያልቀው ከቤት ሳትወጡ ነው።

በቅደም ተከተል እንሂድ።

አንደኛ፦ ምን ልታዩ እንደምትሄዱ እወቁ

ፈንታሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,007 ሜትር የሚደርስ፣ ያልሞተ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ ሰፊ ጎድጓዳ ሆኗል፤ ረዥሙ ወገን ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እዚያ ካሉት ስንጥቆች እንፋሎት ይወጣል። መንገዱ ላይ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ግን ከአናቱ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ በተራራው ደቡባዊ ግርጌ መሬት ተሰንጥቆ የፈሰሰ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ለእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ትንሽ ጊዜ ነው፤ ገና አፈር አልሆነም፣ ለዚህ ነው ባዶውን ያለው።

ዋሻዎቹን በሚመለከት ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሌላ ነገር ጠብቆ ይሄዳል። በተለምዶ የላቫ ዋሻ የሚባለው ቱቦ ነው። የቀለጠ ድንጋይ ሲፈስ ላዩ ቀድሞ ይቀዘቅዝና ክዳን ይሠራል፣ ውስጡ ግን መፍሰሱን አያቆምም። ምንጩ ሲነጥፍ ውስጡ የነበረው ሁሉ ተንጠፍጥፎ ይወጣና ባዶ ቱቦ ይቀራል። ፈንታሌ በጂኦሎጂ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በሌላ ዓይነት ነው። ከ170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ተራራው ከባድ ፍንዳታ አደረገ። የወጣው አመድ በጣም የጋለ ስለነበር መሬት ላይ እንዳረፈ እርስ በርሱ ተጣብቆ አለት ሆነ። ውስጡ የታፈነው ጋዝ ደግሞ መውጫ ሲያጣ ገና ያልጠነከረውን አለት ወደ ላይ ነፋው። ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ አብጦ ከሥሩ ባዶ እንደሚሆነው ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ የአንዳንዶቹ ጎን ወይም ጣራ ፈረሰና በር ተከፈተ። ከውጭ ስታዩት ተራ የድንጋይ ጉብታ ይመስላል። ጎንበስ ብላችሁ ስትገቡ ጣራው እንደ ጉልላት የጎበጠ ዝቅተኛ ክፍል ነው።

እንግዲህ ሶፍ ዑመርን በልቡ ይዞ የሚሄድ ሰው ያዝናል። ሶፍ ዑመር ወንዝ የኖራ ድንጋይን ቦርቡሮ የሠራው፣ ለሰዓታት የሚኬድበት ዋሻ ነው። የፈንታሌዎቹ አጫጭር ናቸው። ውበታቸው አሠራራቸው ላይ ነው፦ ግድግዳውን በባትሪ ስታዩት የአመዱ ንጣፍ፣ ተጨፍልቀው የጠፈጠፉ ጥቋቁር የመስታወት ቁርጥራጮች፣ በመካከሉ ደግሞ ባዶ የቀሩ የጋዝ ቀዳዳዎች ይታያሉ። የፍንዳታውን ቀን በእጃችሁ ትነኩታላችሁ።

ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አራት ኪሎ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አሳዩአቸው። የአገራችንን የዱር እንስሳት በቅርበት ያዩታል፣ ፓርኩ ውስጥ ራቅ ብሎ የቆመውን እንስሳ መለየት ይቀላቸዋል። ከዚያ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ በሉ። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው ሐዳር ነው፣ እናንተ የምትሄዱበት ያው የአዋሽ ወንዝ ወደ ታች ወርዶ በሚያልፍበት አገር። መንገድ ላይ ለልጆቹ የምትነግሩት ታሪክ ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ወቅቱን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር። አለቀ። በእነዚህ ወራት ጠዋቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሌሊቱ እንዲያውም ጃኬት ያስፈልገዋል፣ ቴርሞሜትሩ 10 ዲግሪ አካባቢ የሚወርድበት ሌሊት አለ። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል፣ በከባዱ ጊዜ ቀን ላይ 42 ዲግሪ ይደርሳል። በክረምት ደግሞ የፓርኩ የአፈር መንገዶች ይጨቀያሉ፣ ፎር ዊል ድራይቭ እንኳ የሚቸገርባቸው ቦታዎች አሉ።

በእነዚህ ጥሩ ወራት ውስጥም የምትሸሹት ሳምንት አለ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። የምትሄዱበት መንገድ የቁልቢ መንገድ ነው። በዚያ ሰሞን መኪናው ብዙ፣ ማረፊያው የተያዘ፣ ዋጋው የተሰቀለ ነው። ለንግሥ የሚሄድ ይሂድ፣ ለፓርክ ግን ሌላ ሳምንት ምረጡ። ረመዳን የሚገባበትንም ወር አስቡ። የአካባቢው ሰው፣ ከረዩም አፋሩም፣ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ጾመኛን አስጎብኚ በቀትር ፀሐይ ተራራ ማስወጣት ደግ አይደለም። በዚያ ወር ከሄዳችሁ ሁሉንም ነገር ጎህ ሲቀድ ጨርሱና ሰውየውን ወደ ቤቱ ልቀቁት።

ሦስተኛ፦ መሬቱንና መንገዱን አጣሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ባይሄድ ይሻለዋል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና ከእሱ በስተሰሜን ባለው ዶፈን አካባቢ ለወራት መሬት ተንቀጥቅጧል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ የነቃው በዚያ ምክንያት ነው። ቀልጦ ያለ ድንጋይ ከሥር ወደ ጎን እየሰረገ መሬቱን ሲሰነጥቅ ነበር። የካቲት 2017 ላይ የተመዘገበው መንቀጥቀጥ በሬክተር መለኪያ 6 አካባቢ ነበር። ቤቶች ፈረሱ፣ መሬት ተሰነጠቀ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ።

ለዋሻ ገቢ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። የተንቀጠቀጠ ጣራ እንደ ድሮው ነው ብሎ ማመን አይቻልም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሰሞኑን ያወጣው መግለጫ ካለ አንብቡ፤ መንቀጥቀጡን የሚከታተሉት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ፓርኩን የሚያስተዳድረውን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጠይቁ፦ የፈንታሌ ወገን ክፍት ነው ወይ? ዋሻዎቹ ጋ መሄድ ይፈቀዳል ወይ? ስካውት (የፓርኩ ጠባቂና አጃቢ) ይገኛል ወይ? “ክፍት ነው” የሚል የጓደኛ ወሬ አይበቃም፣ ጓደኛችሁ የሄደው መቼ እንደሆነ ተመልከቱ።

የመንገዱ ፀጥታ ሌላው ጉዳይ ነው። ከአዳማ ወዲያ ያለው መንገድ የሚረበሽበት ጊዜ አለ። በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ያህል የሚያውቅ የለም። የድሬዳዋ ባስ ሾፌሮችን ወይም የጭነት መኪና የሚነዳ ዘመድ ካላችሁ እሱን ጠይቁ። መልሱ የሚያመነታ ከሆነ ሌላ ሳምንት ይሁን። ደህና ነው ቢባልም ከአዳማ ባሻገር ጀምበር ከጠለቀች በኋላ አትንዱ። በጨለማ ግመል መንገድ ላይ ይተኛል፣ ጭነት መኪናው መብራት ሳያበራ ይቆማል።

አራተኛ፦ መኪና

ፓርኩ ውስጥ ፎር ዊል ድራይቭ ያስፈልጋችኋል። ትንሿ የቤት መኪና በደረቅ ወቅት ዋናው በር ድረስ ትደርስ ይሆናል፣ የፈንታሌን መንገድ ግን አትችለውም። አምስት ሆናችሁ አንድ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ብትከራዩ ወጪው ይከፋፈላል። ስትዋዋሉ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ አበልና ማደሪያ በማን እንደሆነ፣ ተራራው ሥር ያለውን ድንጋያማ መንገድ እንደሚገባ በግልጽ ተነጋገሩ። “አስፋልት ብቻ መስሎኝ ነበር” የሚል ሾፌር መተሐራ ላይ ቢገጥማችሁ ጉዞው እዚያው አበቃ።

ጎማ ላይ አደራ። ያገሩ ግራር እሾኽ ረዥምና ጠንካራ ነው፣ የላቫው ጠርዝ ደግሞ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አየር የተሞላ ስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ። ከመነሳታችሁ በፊት ሾፌሩ ክሪኩን አውጥቶ ያሳያችሁ። ነዳጅ አዲስ አበባ ላይ ሙሉ፣ በማግስቱ ሌሊት ተነስቶ ወረፋ ከመሰለፍ አርብ ከሰዓት በኋላ መሙላት ይሻላል።

መኪና የሌለው ሰውም መሄድ ይችላል። ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚሄዱት ባሶች ማለዳ ይነሳሉ፤ ትኬት ስትቆርጡ መነሻ ቦታውን ጠይቁ፣ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት እንደምትወርዱም ንገሯቸው። ሌላው አማራጭ ከቃሊቲ መናኸሪያ አዳማ፣ ከአዳማ መተሐራ ነው። ግን የፓርኩን ሜዳ በእግር ዞሮ ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ እዚያ መኪና መከራየታችሁ አይቀርም። ባስ የሚያዋጣው ብቻውን ለሚሄድ ሰው ነው።

አምስተኛ፦ ዕቃ፣ ውሃ፣ ስንቅ

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር። ይሄ ለመጠጥ ብቻ ነው። ለመታጠቢያና ለመኪናው ራዲያተር የተለየ ጀሪካን ያዙ። ሃይላንዱን አዲስ አበባ በካርቶን ግዙት። የበሰቃን ውሃ እንዳትቀምሱት፣ ጨዋማ ነው። ኦ አር ኤስ ከፋርማሲ ሁለት ሦስት ፓኬት ጨምሩ፤ ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ውሃ ብቻ መጠጣት ራስ ምታቱን አያቆመውም።

የዋሻ ዕቃ ለመግዛት ውጭ አገር ማዘዝ አያስፈልግም። ተክለ ሃይማኖትና መርካቶ ዙሪያ ያሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች የቀን ሠራተኛ የሚያደርገውን ሄልሜትና የሥራ ጓንት ይሸጣሉ። ሄልሜቱ አገጭ ሥር የሚታሰር ማሰሪያ ይኑረው፣ ጎንበስ ስትሉ የሚወድቅ ሄልሜት ጥቅም የለውም። ጓንቱ ከጨርቅ ብቻ የተሠራ እንዳይሆን፣ መዳፉ ላይ ቆዳ ወይም ጎማ ይኑረው። የላቫ ድንጋይ በቅርብ ብታዩት በደቃቃ ቀዳዳ የተሞላ ነው፣ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዝ ስለት አለው፣ ሚዛናችሁን ለመጠበቅ አንዴ ብትደገፉት መዳፋችሁ ይደማል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡትስ ይሁን። ስኒከር በአንድ ቀን ሶሉ ይበላል።

መብራት ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት። አንዱ ግንባር ላይ የሚታሰር፣ ሁለተኛው የእጅ ባትሪ፣ ሦስተኛው ትንሽዬ መጠባበቂያ ኪስ ውስጥ። ስልካችሁ ከሦስቱ አይቆጠርም፤ ሙቀቱ ራሱ ስልክ ያጠፋል፣ ደግሞም ለጥሪ ትፈልጉታላችሁ። ተጨማሪ የባትሪ ድንጋይ እንዳይረሳ።

ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረዥም ሸሚዝ፣ ረዥም ሱሪ፣ የፀሐይ ክሬም። አንገት ላይ የሚጠመጠም ነጠላ ወይም ሻሽ፤ ውሃ አርሳችሁ ስትጠመጥሙት ነፍስ ይዘራል። የትንኝ መከላከያ ቅባት የግድ ነው፣ መተሐራና አዋሽ የወባ አገር ናቸው። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ስንቅ በሙቀት የማይበላሽ ይሁን፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን። ክትፎና ቅቤ የበዛበት ነገር በዚያ ፀሐይ አይሆንም። መታወቂያና ጥሬ ብር ያዙ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ኔትወርክ በጠፋበት በር ላይ ግን ብር ነው የሚያሳልፋችሁ።

ስድስተኛ፦ ቅዳሜ፣ ለፓርኩ

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ዕቅዱን ይገለብጠዋል። ፈንታሌ ቀድሞ ስለሚገኝ ቅዳሜ እንደደረሰ ተራራውንና ዋሻውን ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ማለዳ 12 ሰዓት ተነስታችሁ መተሐራ የምትደርሱት ግን 4 ሰዓት አልፎ ነው። ያኔ ድንጋዩ ግሏል። ላቫ ጥቁር ነው፣ የፀሐይዋን ሙቀት ሁሉ ይጠጣና መልሶ ከሥር ይተፋባችኋል። ስለዚህ ቅዳሜን ለፓርኩ ስጡት፣ ተራራውን ለእሁድ ጎህ አቆዩት።

መንገዱ ራሱ አሰልቺ አይደለም። በቱሉ ዲምቱ ወደ ፍጥነት መንገዱ ገብታችሁ ቢሾፍቱ አካባቢ ስትደርሱ ዝቋላን በስተቀኝ ፈልጉት፤ እሱም እሳተ ገሞራ ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቆችም የፈነዳ መሬት ላይ የተጠራቀመ ውሃ ናቸው። አዳማ ላይ ቁርስ ብሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደህና ቁርስ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ከወለንጪቲ በኋላ የቦሰት ተራራና የቆኔ ጉድጓዶች ይመጣሉ። በአንድ ጠዋት ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከአንዱ እሳተ ገሞራ ወደ ሌላው እየነዳችሁ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳችሁበት ከፍታ 2,300 ሜትር አካባቢ ነበር፣ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ጆሯችሁ የሚደፈነው፣ ሸሚዛችሁ የሚከብዳችሁ ለዚህ ነው።

ማረፊያችሁን ቀድማችሁ ያዙ፣ ዕቃ አውርዱ፣ ምሳ ብሉ፣ ተኙ። እስከ 9 ሰዓት ተኩል ጥላ ሥር ሁኑ። አገሬው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ማረፊያ መተሐራና አዋሽ ሰባት ከተማ ውስጥ ይገኛል፣ ፓርኩ ውስጥም ፏፏቴው አጠገብ ሎጅ አለ። አቅም ከፈቀደ ሎጁን ምረጡ፣ ሌሊት የወንዙ ድምፅና የጅቡ ጩኸት አብሮ ይሰማል። ድንኳን የሚተክል ሰው ፓርኩ በፈቀደው ቦታ ብቻ፣ ስካውት ባለበት።

ዋናው በር ላይ የመግቢያ፣ የመኪናና የስካውት ክፍያ አለ። ለኢትዮጵያውያን፣ ለነዋሪዎችና ለውጭ አገር ጎብኚዎች ታሪፉ ይለያያል፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ስካውቱን በክብር ያዙት። ጠመንጃ የያዘ አጃቢ ብቻ አይደለም፣ የት ቦታ ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። የእሁድን ጉዞም እዚሁ ከእሱ ጋር ጨርሱ፦ ስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ የቱ ዋሻ እንደሚገባ፣ የቱ እንደማይገባ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ በ1969 በዐዋጅ የጸና፣ ከአገራችን ቀደምት ፓርኮች አንዱ ነው። ከበሩ ወደ ደቡብ ያለው የኢላላ ሳላ ሜዳ የሳላ አገር ነው። ሳላ ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ ቀጥ ያለ፣ ቁመናው የሚያምር እንስሳ ነው። ከመኪና ሳትወርዱ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። ከርከሮው፣ የሜዳ ፍየሉ፣ ሰጎኑ ይታያችኋል። ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከ450 በላይ ዝርያ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ፏፏቴው ጋ ድረሱ። ውሃው አዞ አለበት፣ ዳሩ ላይ ተቀምጦ እግር መንከር የለም። ልጅ ካለ እጁን ያዙ። የእንስሳቱን መንገድ የሚያቋርጠው አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ ስለሆነ ስትመለሱ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ በፍጥነት የሚገጭ እንስሳ ብዙ ነው፣ ያሳዝናል።

ሰባተኛ፦ እሁድ ጎህ ሲቀድ፣ ፈንታሌና ዋሻዎቹ

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተራራው ሥር ሁኑ። በዚህ ሰዓት የሚገኝ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፦ አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የእንፋሎቱ ጭስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ስትበረታ እንፋሎቱ ይወጣል እንጂ አይታይም። ወደ አናቱ በመኪና የሚቻለውን ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ቀሪው በእግር ነው። መኪናው ርቆ ካቆመ የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ከአናቱና ከዋሻው አንዱን ምረጡ። ሁለቱንም ልግፋ ያለ ሰው ዋሻው ጋ ሲደርስ ደክሞታል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱን ይመታል። እኔ ዋሻውን እመርጣለሁ። ተራራ ሌላ ቦታም አለ።

ዋሻው በር ላይ ስትደርሱ ዘላችሁ አትግቡ። ቁሙ። ጣራውን በባትሪ እዩት። መሬቱ ላይ የወደቀ ድንጋይ አለ? ድንጋዩ አቧራ ለብሷል ወይስ የተሰበረው ፊቱ ንጹሕና አዲስ ነው? አዲስ ስብራት ካያችሁ በቅርቡ ወድቋል ማለት ነው፣ ተመለሱ። ጣራው ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ውስጥ አፈርና የሸረሪት ድር ከሌለበትም እንደዚሁ። ቀን ላይ መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የዚያ ቀን ዋሻ ቀርቷል።

ከዚያ አየሩን። እዚህ መሬቱ ገና ሙቅ ነው፣ ጋዝ ይወጣል። ካርቦን ዳይ ኦክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቁልቁል ወደሚሄድ ጉድጓድ አትውረዱ፣ መሬት ላይ አትተኙ፣ ልጅ ቀድሞ አይግባ፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ራስ ምታት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ መፍዘዝ ከመጣ ሳትነጋገሩ ውጡ። እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ እጅ አይገባም፣ ያቃጥላል።

የሌሊት ወፍ የሰፈረበት ዋሻ አይገባም። ኩሱ ሲቦን ሳንባ ያሳምማል። ማርበርግን የመሰለ በሽታም የሌሊት ወፍ ከሚበዛባቸው ዋሻዎች ጋር ይያያዛል። ሽታው ከበር ላይ ይነግራችኋል። ጅብም ዋሻ ይወዳል፤ ትኩስ አጥንትና ዱካ ካለ ስካውቱ አይቶ ይናገራል፣ እሱ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። እጃችሁን ሳታዩት ወደ ስንጥቅ አታስገቡ፣ እባብና ጊንጥ ጥላ የሚፈልጉት እንደናንተው ነው።

ስትገቡ ሁልጊዜ አንድ ሰው ውጭ ይቅር። ስንት ደቂቃ እንደምትቆዩ ንገሩት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ውስጥ ቁጭ በሉና ሁሉም ሰው መብራቱን አንዴ ያጥፋ፣ ከዚያ አንዱ ብቻ ባትሪውን ከግድግዳው ጎን አስጠግቶ ያብራ። ቀጥታ ሲያበሩበት ግድግዳው ጠፍጣፋ ይመስላል። በጎን ሲበራ ግን ጋዙ ሲነፋው አለቱ የተለጠጠበት መስመር ሁሉ ጥላ እየጣለ ይወጣል። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው በዚህ ዓይነት ያንሳ። እሳት ማንደድ፣ ግድግዳ ላይ ስም መጻፍ፣ ባልጩት ኪስ ውስጥ ከትቶ መውጣት፣ አንዱም አይደረግ። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ከብትና ግመል የሚያሰማሩ የከረዩ ልጆች ያገኟችኋል። ሰላምታ ይቅደም። መሬቱ የእነሱ የግጦሽ አገር ነው፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቃሉ፣ እምቢ ካሉ ካሜራው ይወርዳል። ውሃ ከጠየቋችሁ ስጡ። ለዚህ ብላችሁ ሁለት ሊትር ጨምራችሁ ያዙ።

4 ሰዓት ላይ ወደ መኪና። ዋሻው ቢቀርም፣ ፎቶው ቢቀርም፣ 4 ሰዓት።

ስምንተኛ፦ መመለሻው

ስትመለሱ በሰቃ ጋ ወረድ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ ገፍቶ አስነስቷል። ጥቁሩ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ሲገባ ከዳር ይታያል። ለመኪና አመቺ በሆነ ቦታ ብቻ ቁሙ፣ አስፋልቱ ዳር አይደለም፣ ከባድ መኪናው ይበዛል። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ቢዘገይ እስከ 7 ሰዓት ከመተሐራ ውጡ። ምሳ አዳማ። እሁድ ማታ የፍጥነት መንገዱ ክፍያ በር ላይ ሰልፍ አለ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይም እንዲሁ፣ ስለዚህ አዲስ አበባ የምትገቡት ከምታስቡት አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ነው።

ሰኞን እረፍት መውሰድ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ጨምሩና በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ ወዳለው ፍልውሃ ሂዱ። ዘንባባ በከበበው ሜዳ ላይ ጥርት ያለ ሙቅ ውሃ ይፈልቃል። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ ስካውት የግድ ነው፣ ውሃው ውስጥ የት መግባት እንደሚቻል እሱ ያሳያችሁ። የእኛም ከተማ ፍልውሃ የሚሞቀው በዚሁ በስምጥ ሸለቆው እሳት ነው። ፈንታሌ በመንቀጥቀጥ ምክንያት ተዘግቶ ካገኛችሁትም ስካውቱን ስለ ፍልውሃው ጠይቁት። እሱ ወገንም አይኬድም ካለ ኢላላ ሳላን እሁድ ጠዋት ድገሙት፤ ሳላው ማለዳ ወደ መንገዱ ይቀርባል።